ወንዝ መሪ መሆን ለሚፈልግ የግልገል ዓባይ ልጅ

ሰሞኑን ከወተት ዓባይ አንድ ደብዳቤ ደርሶኛል። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ጋሼ፣ ያደግሁት ግልገል ዓባይ ዳር ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ወንዝ ሳልወርድ ቤት ገብቼ አላውቅም። አምና በስልኬ አንድ ቪዲዮ አየሁ። ሰውየው ትራውት የሚባለውን ዓሣ በላባ መንጠቆ ማጥመድ የሚፈልጉ እንግዶችን እየመራ ይኖራል። እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ስለ ወንዙ ሲያወራ እንባዬ መጣ። እኔም እንደሱ መሆን እፈልጋለሁ። እኛ ጋ ግን ትራውት የለም። ከሌላ ቦታ አምጥተን በእኛ ወንዝ ብንለቀው አይሆንም? አባቴ ‹ተምረህ ተምረህ ዓሣ አጥማጅ ልትሆን?› ብሎኛል። አካውንቲንግ አጥና ይለኛል። ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ ያስገባኛል። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ በእንባህ አትፈር። ብዙ ወጣት ይጽፍልኛል። አብዛኛው የሚጠይቀኝ የትኛው ትምህርት ደመወዝ እንዳለው ነው፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። አንተ ግን የምትወደውን ነገር አውቀህ መጣህ። ያንን ለማግኘት ሰው ዕድሜውን ይፈጃል። ስለዚህ ከልቤ እመልስልሃለሁ፤ ደስ የማይልህንም ጭምር።

ትራውት አገራችን ውስጥ አለ። ባሌ ተራራ ላይ፣ በዌብና በአካባቢው ባሉ ቀዝቃዛ ወንዞች ይገኛል። የመጣው ከኬንያ ነው፤ ለኬንያም ቢሆን የባዕድ ዓሣ ነው። ከዓመታት በፊት ለሥራ ወደዚያ ሄጄ ዲንሾ አደርኩ። ጠዋት ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። አንድ የአካባቢው ልጅ ሁለት እንግዶች ይዞ ወደ ወንዝ ሲወርድ አየሁና ተከተልኳቸው።

እንደደረሰ ዘንጉን ያወጣል ብዬ ነበር። አላወጣም። ጫማውን አውልቆ ውሃው ውስጥ ገባ። ጎንበስ ብሎ አንድ ድንጋይ አነሳና ገለበጠው። ከድንጋዩ ሆድ ላይ ጥቃቅን ነገሮች ተለጥፈዋል። አንዷ ጠፍጣፋ ናት፤ ጭራዋ ሦስት ቀጫጭን ክር ነው። ሌላዋ የአሸዋ ቅንጣት ገጣጥማ ትንሽ ቱቦ ሠርታ ውስጡ ተደብቃለች። «ዛሬ የሚበሉት ይህንን ነው» አለ። ከዚያ አንድ ትንሽ ሳጥን ከፈተ። በላባና በክር የተሠሩ መንጠቆዎች ተደርድረዋል። አንዱን ጣቱ ላይ አድርጎ ከድንጋዩ ላይዋ ጋር አስተያየ። መለሰው። ሌላ አነሳ። እሱን መረጠ። ድንጋዩን ግን አልወረወረውም። ከነበረበት ጉድጓድ፣ በነበረበት ጎኑ መልሶ አስቀመጠው።

በዚያን ቀን ስንት ዓሣ እንደያዙ አላስታውስም። ድንጋዩን የመለሰበትን እጅ ግን እስካሁን አስታውሳለሁ።

ይህን የምነግርህ ቪዲዮው ላይ ያየኸውና ያስለቀሰህ ነገር ትራውት ነው ብዬ ስለማላምን ነው። ሰውየው ወንዙን ማወቁ ነው ያስለቀሰህ። ዓሣው የትም ሊኖር ይችላል። አንድን ወንዝ ከነድንጋዩ የሚያውቅ ሰው ግን ብርቅ ነው። እንግዳ ከሩቅ አገር መጥቶ ገንዘብ የሚከፍለውም ለዚህ ሰው ነው።

ስለዚህ ትራውት አምጥቶ ወንዛችሁ ውስጥ የመልቀቁን ሐሳብ ዛሬውኑ ተወው። አጥብቄ ነው የምለምንህ። ሕጉም ያለ ፈቃድ ባዕድ ዓሣ ውሃ ውስጥ መልቀቅን አይፈቅድም። ከሕጉ በላይ ግን እጅህ ላይ ያለውን ተመልከት። እናንተ ሰፈር «ነጭ ዓሣ» ብላችሁ የምታልፉት፣ ሳይንሱ ላቤዮባርበስ የሚለው፣ ጣና ውስጥ ብቻ 15 ያህል ዓይነት አለው። አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ፣ 40 ሜትር ገደማ የሚወርደው ገደል፣ ከታችኛው ዓባይ ስለለያቸው እዚያው ሐይቁ ውስጥ በየፊናቸው ተለያዩ። አንዱ ነፍሳት ይለቅማል። ሌላው ቀንድ አውጣ ይሰብራል። ስምንቱ ደግሞ ሌላ ዓሣ አሳደው ይበላሉ። የሚገርመኝ ይህ ነው፤ የዚህ ዘር ዓሦች መንጋጋ ላይ ጥርስ የላቸውም። ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ስትይዝ አፉን ከፍተህ በጣትህ ዳስሰው።

ትራውት አዳኝ ነው። ነፍሳቱንም ይበላል፣ የሌላውንም ዓሣ ጫጩት ይበላል። የኛ ዓሦች ደግሞ ከሐይቁ ወጥተው እንቁላል የሚጥሉት በእናንተ ወንዝ ነው። በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ብዙዎቹ ዓይነቶች ግልገል ዓባይንና ሌሎቹን ገባሮች ይዘው ይወጣሉ፤ ጠጠር ያለበትና ውሃው የሚሮጥበት ቦታ ፈልገው ይራባሉ። ወንዙ ሐይቁ በሚገባበት በር ላይ መረብ ዘርግቶ የሚጠብቃቸው አይጠፋም። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ተመራማሪዎች ቆጥረው ብዛታቸው በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱን ጽፈዋል። በዚህ ላይ ሌላ ጠላት አንጨምርባቸው።

አሁን የምሥራቹን ስማ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የነጭ ዓሣ የቅርብ ዘመዶች አሉ፤ ያው ላቤዮባርበስ። በቫልና በኦሬንጅ ወንዞች ላይ ሰዎች እነዚህን ዓሦች በላባ መንጠቆ ለማጥመድ ከሩቅ ይመጣሉ፤ እነሱን እየመሩ የሚኖሩ አስጎብኚዎችም አሉ። ትራውት አያስፈልግም ማለት ነው። ያንተ ዓሣ ዘመዱ ሌላ አገር እንጀራ ሆኗል።

እንዴት ልጀምር ካልከኝ፣ በደብተር ጀምር። እስክርቢቶና አንድ ተራ የውሃ ቴርሞሜትር ይበቃል። አንድ መልካ ምረጥ፤ ከቤትህ የሚቀርበውን። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት ሄደህ ጻፍ። ውሃው የት ድረስ ደርሷል? ከየትኛው ድንጋይ በላይ? ቀለሙ ቡና ነው ወይስ ወለል ብሎ ታች ያሳያል? ሙቀቱ ስንት ነው? ድንጋይ ገልብጥ፤ ሥሩ ምን አለ? ዓሣ ዘሎ ታየ? ስንት ሰዓት ላይ? ይህን ዓመት ሙሉ ከሠራህ ስለዚያ መልካ ካንተ በላይ የሚያውቅ ሰው አይኖርም። በየትኛውም ቢሮ ስትገባ ደብተሩን ይዘህ ግባ። ከወረቀትህ ይልቅ እሱ ይናገርልሃል።

ሁለተኛው ሥራህ ሰው መጠየቅ ነው። በበጋ ወንዙ ሲያንስ የብርብራ ዛፍ ፍሬ ፈጭተው ውሃ ውስጥ የሚበትኑ ሰዎች አካባቢህ ይኖራሉ። ዓሣው ሰክሮ ሲንሳፈፍ ይለቅማሉ። ትንሹም ትልቁም አብሮ ያልቃል፤ ያሳዝናል። ግን አትጣላቸው። ዓሣ የሚተኛበትን ጥልቅ ቦታ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ቁጭ ብለህ አውራቸው። ነገ እንግዳ ስታመጣ ዕቃ የሚሸከም፣ ስንቅ የሚያበስል፣ ቦታ የሚያሳይ ሰው ያስፈልግሃል። በሕይወት ካለ ዓሣ ገንዘብ ማግኘት እንደሚቻል በእጃቸው ካዩ ብርብራው ራሱ ይቀንሳል። የጣናን ዓሣ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ በደንገል ታንኳ ሲያስግር ዘመናት አልፈዋል። ከእነሱም ተማር። አባትህ «ዓሣ አጥማጅ» ሲል ድምፁ ውስጥ ያለው ንቀት ከየት እንደመጣ ታውቃለህ፤ አንተ ግን ያንን ንቀት አትውረስ።

ትምህርቱን በተመለከተ አባትህ ዩኒቨርሲቲ ግባ ማለታቸው ልክ ነው። እኔ ብሆን ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዓሣ ሀብትና የውሃ ሳይንስ ትምህርት ክፍልን ነበር የምመርጠው። ዓሣ፣ ውሃ፣ ረግረግ መሬት፣ ሁሉንም አንድ ላይ ታገኛለህ። ከተማው ውስጥ የዓሣ ምርምር ማዕከልም አለ። ተመራማሪዎች ወንዝ ሲወርዱ መረብና ሚዛን የሚሸከምላቸው ተማሪ ይፈልጋሉ፤ ሂድና ልሸከም በል። ከእነሱ ጋር አንድ ክረምት መዋል ብዙ ወር ክፍል ውስጥ ከመቀመጥ ይበልጣል። ተመርቀህ አስጎብኚነቱ ባይሳካ እንኳ ግብርና ቢሮ፣ ምርምር፣ የዓሣ እርባታ፣ ማስተማር፣ በሩ ብዙ ነው። ይህንን ለአባትህ በእርጋታ አስረዳቸው። እንግሊዝኛህን ደግሞ አሁኑኑ ያዘው። እንግዳ ወንዝ ዳር ሆኖ «ይህ ወፍ ምንድን ነው?» ሲልህ ዝም ካልክ ቀኑ ያልቃል።

ስለ ገንዘቡ እውነቱን ልንገርህ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዚህ ሥራ ብቻ አትኖርም። ወደ አገራችን ለዓሣ ማጥመድ የሚመጣው ቱሪስት ድሮም ጥቂት ነው። አሁን ደግሞ ክልላችን ያለበትን ሁኔታ አንተው እዚያ ሆነህ ታየዋለህ። ሰላም ሳይኖር እንግዳ አይመጣም፤ ይህን በኔ ምክር አላስተካክለውም። ስለዚህ ሌላ የገቢ ምንጭ ይኑርህ። ለሥራው ያለህን ፍቅር በረሃብ አትፈትነው። አባትህ የሚሉት አካውንቲንግም ቢሆን ጠላትህ አይደለም። ለአንድ ቀን ጉዞ ነዳጅ፣ ምግብ፣ የረዳት አበል፣ የፈቃድ ክፍያ ደምሮ ዋጋ መቁረጥ ያልቻለ አስጎብኚ በኪሳራ ነው የሚሠራው። የሒሳብ አያያዝ አጭር ሥልጠና ውሰድ፤ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል።

አንድ ሥራ ግን ዛሬ ማታ ቤትህ መጀመር ትችላለህ። የላባ መንጠቆ መሥራት። የአውራ ዶሮ አንገት ላይ ያለውን ቀጭንና ጠንካራ ላባ ታውቀዋለህ፤ ለመንጠቆው የሚፈለገው እሱ ነው። መንጠቆ፣ የስፌት ክር፣ ላባ፣ ትዕግሥት፤ በቃ። ኬንያ ውስጥ ሰዎች ይህንን እየሠሩ ወደ ውጭ ይልካሉ፤ ብቻውን መተዳደሪያ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሃያዎቹ ያስጠላሉ። ግድ የለም። ድንጋይ ሥር ያየሃትን ነፍሳት እስክትመስል ሥራ። ዘንጉ ውድ ነው፤ እሱ ይቆይ። በዚህ አጠማመድ የሚወረወረው ክሩ ነው፤ መንጠቆው ክብደት ስለሌለው ክብደቱ ያለው ክሩ ላይ ነው። ስለዚህ ልምምዱ የክንድ ነው። ዘንግ ስታገኝ መጀመሪያ ሜዳ ላይ፣ ሣር ላይ ተለማመድ።

ወንዙ እንደሚገድልም አትርሳ። ደራሽ ውሃን አንተ ታውቃለህ፤ እንግዳው ግን አያውቅም። ላይ፣ ወንዙ በሚነሳበት በሰከላ፣ ዝናብ ከጣለ እናንተ ጋ ሰማዩ ጠራ ብሎ ማመን አይቻልም። ወንዙ ጣና በሚገባበት በኩል ጉማሬ አለ። ቢልሃርዚያም አለ፤ ውሃው በማይሮጥበት ዳር እንግዶችህን በባዶ እግር አታቁማቸው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ይሰጣል። ማንንም ሰው ውሃ ውስጥ ከማስገባትህ በፊት እሱን ጨርስ። ፈቃድም አውጣ፤ ዓሣን የሚመለከት የፌዴራል አዋጅ አለ፣ ቁጥሩ 315/1995 ነው፤ ክልሉም የራሱ ሕግ አለው። ጣና ደግሞ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ነው፤ የወረዳህን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቅ።

አንድ ደንብ ግን እኔ ላውጣልህ፣ ማንም ሳያስገድድህ አክብረው። ዓሦቹ ለመራባት በሚወጡበት በክረምት አታጥምድ፣ እንግዳም አታምጣ። ሥራህ ወንዙ ከጠራ በኋላ፣ ከኅዳር በኋላ ይሁን። የያዝከውን ልቀቀው። እጅህን አርጥበህ ያዘው፤ ደረቅ እጅ ሰውነቱን የሚሸፍነውን ሙልጭልጭ ልባስ ይገፍፈዋል። ከውሃው ብዙ አታውጣው። የመንጠቆውን እሾህ በጉጠት ጨፍልቀው፤ ያን ጊዜ ሳያደማ ይወጣል። ዓሣ በማታጠምድበት ቀን ወፍ አሳይ፤ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው ወደ ጣና ዳር የሚመጡትን ወፎች ለማየት ብቻ የሚመጣ ሰው አለ። ወይ እንግዳህን ወደ ሰከላ ይዘህ ውጣና ግሽ ዓባይን አሳየው፤ ወንዝህ የሚነሳበትን።

ደብተሩን እስከ ጥር ሞልተህ የመጀመሪያዎቹን ገጾች በስልክህ አንስተህ ላክልኝ። የሠራሃቸውንም መንጠቆዎች ፎቶ አንሳ፤ የሚያስጠሉትንም ጨምረህ። ያንን ይዤ ምርምር ማዕከሉ ውስጥ ለማውቃቸው ሰዎች አሳያለሁ።