ጥያቄና መልስ፦ የዕለት ተዕለት ዕብራይስጥን በሥርወ ቃል መማር

ጥያቄ፦ በኡልፓን (በዕብራይስጥ ቋንቋ ትምህርት ቤት) የሚሰጠን የቃላት ዝርዝር በዛብኝ። የቃላትን ሥር፣ ማለትም የሚጋሯቸውን መሠረታዊ ፊደላት፣ መያዝ በእርግጥ ሸክሙን ያቀልልኛል?

መልስ፦ ያቀልልዎታል፤ አማርኛ ተናጋሪ በመሆንዎ ደግሞ ይበልጥ። ቴል አቪቭ ምግብ ቤት ገብተው በልተው ሲጨርሱ የሚጠይቁት «ኸሽቦን» (ሒሳብ) ነው። ሥሩ ከግእዙ «ሐሰበ» ጋር አንድ ሲሆን፣ «ላኽሾቭ» ማሰብ፣ «ማኽሻቫ» ሐሳብ፣ «ማኽሼቭ» ደግሞ ኮምፒውተር ነው። በእኛም ዘንድ ሐሳብና ሒሳብ በአንድ ሥር ስለሚገናኙ፣ አራቱን ቃላት ለየብቻ መሸምደድ አያስፈልግዎትም።

ጥያቄ፦ የ«ኸሽቦን» እና የ«ሚኽታቭ» «ኸ» አንድ ነውን? ስጽፍ ሁልጊዜ ያምታታኛል።

መልስ፦ በዛሬው የብዙኃኑ አነጋገር ድምፁ አንድ ነው፤ ፊደሉ ግን ሁለት ነው። የመጀመሪያው «ኼት» ሲሆን ከእኛ «ሐ» ጋር ይዛመዳል። ሁለተኛው «ካፍ» ሆኖ ከአናባቢ በኋላ ስለመጣ ድምፁ ከ«ክ» ወደ «ኽ» የላላ ነው፤ ሥሩም «ከተበ» ነው። ዛሬ በአማርኛ ክትባትና ክታብ ላይ የቀረው ይህ ሥር በዕብራይስጥ «ካታቭ» (ጻፈ)፣ «ሚኽታቭ» (ደብዳቤ) እና «ክቶቬት» (አድራሻ) የሚሉትን ያስገኛል። ስለዚህ የሚጠራጠሩበትን ቃል የግእዝ ዘመድ ይፈልጉለት፤ በ«ሐ» ከተጻፈ ኼት፣ በ«ከ» ከተጻፈ ካፍ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። «ዓይን» በ«ዐ» መጻፉና «አብ» በ«አ» መጻፉም እንዲሁ የዕብራይስጡን «አይን» እና «አሌፍ» የተባሉ ፊደላት ይጠቁማል። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ የሚለው ክርክር በተነሳ ቁጥር የማነሣው መከራከሪያ ይህ ነው።

ጥያቄ፦ በቃል መነሻ ላይ የሚታየው «መ» ምን ያደርጋል?

መልስ፦ እንደ አማርኛው ሁሉ መሣሪያን ወይም ቦታን ይሰይማል። «ሊፍቶአኽ» መክፈት፣ «ማፍቴአኽ» ቁልፍ ነው፤ ከ«ፈታ»፣ «መፍቻ» እና «መፍትሔ» ጋር ያስተያዩት።

ጥያቄ፦ ከአማርኛ ጋር የተመሳሰለ ቃል ሁሉ ይታመናል?

መልስ፦ አይታመንም። «አፍ» በዕብራይስጥ አፍንጫ ነው፤ አፍ ደግሞ «ፔ» ይባላል። የአፍንጫ ጥንታዊ ቃል «ነ» ነበረበት፤ ግእዝ «አንፍ» ብሎ ሲጠብቀው ዕብራይስጥ ውጦታል። የሚታመነው ተደጋጋሚ የድምፅ ልውውጥ ነው፤ ለምሳሌ የዕብራይስጥ «ሽ» ብዙ ጊዜ በእኛ «ሰ» ይሆናል፦ «ሻሎም» ሰላም፣ «ሼም» ስም፣ «ላሾን» ልሳን።

ጥያቄ፦ በዘመናችን የተፈጠሩ ቃላትስ ሥር አላቸው?

መልስ፦ አብዛኞቹ አላቸው። ዕብራይስጥን የዕለት ተዕለት መነጋገሪያ አድርጎ ለማነቃቃት የታገለው ኤሊኤዘር ቤን ይሁዳ (1858–1922) ጋዜጣን «ኢቶን» ያለው «ኤት» ከሚለው የጊዜ ስም ተነሥቶ ነው። የውጭ ቃል እንኳ ሥር ይበጅለታል፤ ከ«ቴሌፎን» «ለታልፔን» (መደወል) ወጥቷል። የኤሌክትሪክ ስም «ኻሽማል» ግን በትንቢተ ሕዝቅኤል 1፥4 ከሚገኝ ትርጉሙ ከሚያከራክር ቃል የተወሰደ ስለሆነ፣ እርሱን በቃል መያዝ ይሻላል።