አረንጓዴው ቦታ ምን ይላል? ለሒሳብ ተማሪዎች

ውድ ልጆቼ፣

አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በምርት ዕቅድ ክፍል ነው። ምን ያህል ይመረት፣ በየትኛው ዕቃ፣ በስንት ሰዓት የሚለውን ማስላት ነበር ሥራዬ። አሁን የሰፈር ልጆች የሊኒየር ኢንኢኳሊቲ፣ ማለትም በመስመር የሚሳል የ«ያንሳል ወይም ይበልጣል» ሒሳብ፣ የቤት ሥራ ይዘው ሲመጡ ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። መስመሩን አስምረው አንዱን ጎን ይቀባሉ። የተቀባው ቦታ ምን እንደሆነ ሲጠየቁ ግን መልስ የላቸውም። በኤክሴል ሲሠሩት ደግሞ ይብሳል፤ ሥዕሉ አምሮ ስለሚወጣ ትክክል ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ምክሬ ይህ ነው። ኤክሴል ቦታውን እንዲቀባላችሁ ከማዘዛችሁ በፊት፣ ነጥቦቹን አንድ በአንድ እንዲፈትንላችሁ አድርጉ።

በምሳሌ ልንገራችሁ። አንድ እንጨት ቤት ወንበርና ጠረጴዛ ይሠራል እንበል። ወንበር 2 ጣውላና 3 ሰዓት ይፈልጋል። ጠረጴዛ 4 ጣውላና 2 ሰዓት። በሳምንት ያለው 80 ጣውላና 60 የሥራ ሰዓት ነው። ወንበሩን ወ፣ ጠረጴዛውን ጠ ብንላቸው፦

2ወ + 4ጠ ≤ 80
3ወ + 2ጠ ≤ 60

ወ እና ጠ ከዜሮ አያንሱም። ትርፉ ከወንበር 600 ብር፣ ከጠረጴዛ 800 ብር ነው።

አዲስ ሺት ክፈቱ። በላይኛው ረድፍ ከ0 እስከ 25 የወንበር ቁጥር ጻፉ። በግራው ዓምድ የጠረጴዛ ቁጥር፣ ከላይ 25 ጀምራችሁ ወደታች እስከ 0። ከላይ ወደታች መቀነሱ ሆን ተብሎ ነው፤ ሥዕሉ በደብተራችሁ ላይ እንዳለው ግራፍ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ነው። 80 እና 60ን ለብቻቸው በሁለት ሴል አስቀምጡ። ፎርሙላው ውስጥ አትቅበሯቸው፣ በኋላ ትፈልጓቸዋላችሁ።

አሁን በመጀመሪያው ባዶ ሴል ፎርሙላውን ጻፉ፦ ሁለቱም ሁኔታዎች ከተሟሉ 1፣ ካልተሟሉ 0። ለዚህ የምትጠቀሙት ኢፍ (IF) እና ኤንድ (AND) የሚባሉትን ፎርሙላዎች ነው። ልጆች ሁሌ የሚሰናከሉት የዶላር ምልክቱ ላይ ነው። የወንበሩን ቁጥር ስትጠሩ ዶላሩ ከረድፉ ቁጥር በፊት ይግባ። የጠረጴዛውን ስትጠሩ ከዓምዱ ፊደል በፊት። 80 እና 60 ያሉባቸው ሴሎች ላይ በሁለቱም ቦታ። ይህን ካስተካከላችሁ ፎርሙላውን ወደ ቀኝና ወደ ታች መጎተት ብቻ ነው። ከዚያ በኮንዲሽናል ፎርማቲንግ 1 ያለበት ሴል ሁሉ አረንጓዴ ይሁን በሉት። በሊብረኦፊስ ካልክም በጎግል ሺትስም ይሠራል፤ ሁለቱም በነጻ ስለሚገኙ ኤክሴል የለኝም ብላችሁ አትቅሩ።

አረንጓዴው እንደ ደረጃ እየወረደ ሲወጣ ታያላችሁ። አንድ አረንጓዴ ሴል ምረጡ። 8 ወንበርና 10 ጠረጴዛ ይሁን። ጣውላው 16 ሲደመር 40፣ 56 ነው። ሰዓቱ 24 ሲደመር 20፣ 44። ከሁለቱም ይተርፋል፣ ስለዚህ መሥራት ይቻላል። አረንጓዴው ቦታ የሚለው ይህን ብቻ ነው፦ እዚህ ያለውን ዕቅድ ባላችሁ ዕቃና ሰዓት መሥራት ትችላላችሁ። ደግሞም ግማሽ ወንበር የሚገዛ ስለሌለ፣ ሙሉ ቁጥር ብቻ የሚያሳየው ይህ ሺት ለዚህ ዓይነት ሥራ ከለስላሳው ሥዕል ይልቅ እውነተኛ ነው።

ለፈተናና ለሪፖርት ግን መስመር ያለው ግራፍም ያስፈልጋችኋል። ለመስመሮቹ ስካተር ቻርት፣ ማለትም ነጥቦችን በቁጥራቸው ቦታ የሚያስቀምጠውን ግራፍ፣ ተጠቀሙ። ጠን ለብቻዋ አውጧት፤ በኔጌቲቭ ቁጥር ካካፈላችሁ ምልክቱ እንደሚገለበጥ አትርሱ። እኩል ይሆናል የሚል ምልክት ከሌለ መስመሩ የተቆራረጠ ይሁን። ገበያው ከ12 ወንበር በላይ አይወስድም ከተባለ፣ ከታች ወደ ላይ የቆመ መስመር ስለሆነ በጠ ፎርሙላ አይወጣም። ሁለት ነጥብ ስጡት፣ አንዱ ወ 12 እና ጠ 0፣ ሌላው ወ 12 እና ጠ 25።

ስካተር ቻርት ቦታ አይቀባም። ስለዚህ ብዙ ሰው ኤሪያ ቻርት ይጠቀማል፣ ከሁለቱ መስመሮች ትንሹን በሚን (MIN) ፎርሙላ ወስዶ ከሥሩ ያለውን ያስቀባል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ኤሪያ ቻርት የሚቀባው ከመስመሩ ወደታች ነው፤ ኢንኢኳሊቲው ወደ ላይ የሚል ቢሆንም ግድ የለውም። አግድም ያሉትን ቁጥሮች ደግሞ እንደ ስም ስለሚያያቸው 0፣ 4፣ 8፣ 20 ብትሉት ሁሉንም እኩል አራርቆ ያስቀምጣቸዋል።

ሌላም አለ፣ ይኸኛው ገንዘብ ያሳጣል። የወንበር ቁጥሩን በ4 እየዘለላችሁ 0፣ 4፣ 8፣ 12 ብላችሁ ሰጣችሁት እንበል። 8 ላይ ትንሹ 16 ነው። 12 ላይ ትንሹ 12 ነው። ኤክሴል ሁለቱን በቀጥታ ስለሚያገናኝ 10 ወንበር ላይ ቀለሙ 14 ጠረጴዛ ላይ ያቆማል። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙት ግን 10 ወንበርና 15 ጠረጴዛ ላይ ነው። ከፍተኛው ትርፍ፣ 18,000 ብር፣ እዚያ ማዕዘን ላይ ነበር። ሥዕሉ ቆርጦ ጣለው። በ1 እየጨመራችሁ ብትሠሩት ይህ አይደርስባችሁም።

መልሱ ማዕዘን ላይ መገኘቱ ደግሞ አጋጣሚ አይደለም። የሶቪየቱ ሒሳብ ሊቅ ሊዮኒድ ካንቶሮቪች እ.ኤ.አ. በ1939 ይህን ዓይነት ስሌት ያወጣው፣ የኮምፔንሳቶ ማምረቻ ማሽኖችን ሥራ እንዴት እናከፋፍል ለሚል ጥያቄ መልስ ሲፈልግ ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ዳንዚግ በ1947 ያወጣው የሲምፕሌክስ ዘዴም ከማዕዘን ወደ ማዕዘን እየሄደ ነው የሚፈልገው። የትምህርት ቤት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው ይህን ማንሳቴ።

አሁን ለብቻ ወዳስቀመጣችኋቸው ሁለት ሴሎች ተመለሱ። የሥራው ደስታ እዚህ ነው ያለው። 80ውን 90 አድርጉት። አረንጓዴው ወዲያው ይሰፋል፣ ምርጡ ዕቅድ 7 ወንበርና 19 ጠረጴዛ ይሆናል፣ ትርፉም 19,400 ብር ይደርሳል። 80ውን መልሱና በተራው 60ውን 70 አድርጉት። ምርጡ 14 ወንበርና 13 ጠረጴዛ ሆኖ ትርፉ 18,800 ብር ነው። አሥር ጣውላ 1,400 ብር ሲያስገኝ አሥር የትርፍ ሰዓት 800 ብር ብቻ አስገኘ፣ ያውም የሠራተኛው ክፍያ ሳይቀነስ። የሥራ ቤቱ ባለቤት እንጨት ልግዛ ወይስ ሰው ላስመሽ ብሎ ቢጠይቃችሁ በቁጥር ትመልሱለታላችሁ።

ከወንበርና ከጠረጴዛው ላይ አልጋና ቁም ሣጥን ሲጨመር በወረቀት መሳል አይቻልም። ያን ጊዜ ሶልቨርን፣ ምርጡን ዕቅድ ራሱ የሚፈልገውን መሣሪያ፣ ክፈቱ። ኤክሴል ውስጥ ከአድ-ኢን (ከተጨማሪ መሣሪያዎች ዝርዝር) ማብራት አለባችሁ፣ ካልክ ውስጥ ግን አብሮ ይመጣል። ሊሆን የሚችል መፍትሔ አላገኘሁም ብሎ ከመለሰላችሁ ደጋግማችሁ አትጫኑት። ቁጥር ተሳስታችሁ ካልጻፋችሁ ሁኔታዎቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ ማለት ነው፤ በሺታችሁ ላይ አንድም አረንጓዴ ሴል እንደማይኖር ዓይነት። ሁኔታዎቹን አንድ በአንድ እያወጣችሁ የትኛው እንደሚያጣብቅ እዩ። ከዚያ ወረቀቱን ይዛችሁ ከሥራ ቤቱ ኃላፊ ጋር ቁጭ በሉ፤ የትኛው ሊላላ እንደሚችል የሚያውቀው እሱ ነው።