ከስክሪኑ በፊት ገመዱን ዕወቁ

ይድረስ ጂኦፊዚክስ ለምትማሩ ልጆች፣

ከአገር ቤት የሚጽፉልኝ ተማሪዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ሥራ ለማግኘት የትኛውን ሶፍትዌር ልማር?» ክፉ ጥያቄ አይደለም። ግን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በሰሜን ባሕር በሚመላለሱ፣ ከባሕሩ ወለል በታች ያለውን ድንጋይ በድምፅ በሚያጠኑ የሳይስሚክ መርከቦች መዝጋቢ ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ መልሴ ብዙ ጊዜ ጠያቂውን ቅር ያሰኘዋል። ሶፍትዌሩን የሚያስተምራችሁ አታጡም፤ ተምራችሁም ሳትጨርሱ ይለወጣል። መረጃው ውኃ ውስጥ እንዴት እንደተወለደ የማያውቅ ባለሙያ ግን መልካሙን ከብልሹው ሳይለይ ሁሉንም ሲያሳምር ይኖራል።

መርከቧ የምትሄደው በ4.5 ኖት ገደማ ነው፤ በሰዓት ከ8 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፣ ሶምሶማ የሚሮጥ ሰው ይቀድማታል። ከኋላዋ የኤር ጋን ረድፎችንና ስትሪመር የሚባሉትን ረጃጅም የሃይድሮፎን (የውኃ ውስጥ ማይክሮፎን) ገመዶች ትጎትታለች። ጋኖቹ በ2,000 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ ነው) የታመቀ አየር በየ25 ሜትሩ፣ ማለትም በየ11 ሰከንዱ ገደማ፣ በአንድ ጊዜ ይለቃሉ። ድምፁ ውኃውን በሰከንድ 1,500 ሜትር ፍጥነት አቋርጦ ከባሕሩ ወለል በታች ይገባል፤ ከየድንጋዩ ንብርብር ወሰን ጥቂት ጥቂቱ ተመልሶ ሃይድሮፎኖቹ ጋ ይደርሳል። ሌት ተቀን፣ ለሳምንታት። ይህን መጽሐፍም ላይ ታገኙታላችሁ።

ከጋኖቹ ልጀምር። አንድ ጋን ብቻውን ሲተኮስ የወጣው አየር አረፋ ሆኖ ይነፋል፣ ይኮማተራል፣ እንደገና ይነፋል፤ በየዙሩም ድምፅ ያወጣል። አንድ ጊዜ ተኩሳችሁ ደጋግማችሁ ትሰማላችሁ ማለት ነው። ስለዚህ መጠናቸው የተለያየ ጋኖች በአንድነት ይደረደራሉ፦ የመጀመሪያው ምት የሁሉም እኩል ደርሶ ይደመራል፣ የአረፋዎቹ ድምፅ ግን በተለያየ ጊዜ ስለሚመጣ እርስ በርሱ ይዋዋጣል። ይህ የሚሳካው ሁሉም በአንድ ሁለት ሚሊሰከንድ ልዩነት ውስጥ ከተኮሱ ነው። አንዲት የጎማ ቀለበት ተበልታ አየር ካፈሰሰች የምቱ ቅርጽ ይለወጣል፤ የተለወጠው ምት ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ቻናሎች (የየሃይድሮፎን ቡድኑ መዝገቦች) ላይ በአንድ ጊዜ ይታተማል። መርከብ ስትወጡ የመጀመሪያዎቹን ነፃ ሰዓቶቻችሁን ከጋን ሜካኒኮቹ ጋር አሳልፉ። ጋኑን ሲፈቱ አጠገባቸው ቁሙ፣ መፍቻ አቀብሉ፣ ያረጀውን ቀለበት ተቀብላችሁ በጣታችሁ ዳብሱት። ዲግሪ የላቸውም ብሎ የሚኮራባቸው ጀማሪ አይቻለሁ፤ ብዙም አልቆየም።

ስትሪመሩ ሌላ ዓለም ነው። አንዱ ብቻ 6 ወይም 8 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ አሥርና አሥራ ሁለት ጎን ለጎን፣ በመካከላቸው 100 ሜትር ገደማ እየተተወ ይጎተታሉ። ሃይድሮፎኖቹ በየ12.5 ሜትሩ በቡድን ስለሚቀመጡ 8 ኪሎ ሜትሩ 640 ቻናል ይሆናል። በርድ የምንላቸው ባለ ክንፍ መሣሪያዎች በየጥቂት መቶ ሜትሩ ተገጥመው ጥልቀቱን ይጠብቃሉ፤ ጫፉ ላይ ጂፒኤስ የተሸከመ ተንሳፋፊ አለ። ማዕበልና የባሕር ውኃ ጅረት ገመዱን ወደ ጎን ሲገፋው ያልተሸፈነ ቦታ ይቀራል፤ እሱን ለመሙላት ተመልሶ መተኮስ ግድ ነው። ያ ደግሞ የነዳጅና የቀን ወጪ ስለሆነ አለቆች ፊታቸው የሚጠቁርበት ሰዓት ነው።

ጥልቀቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ቀልድ አይደለም። የውኃው ገጽ ከታች የመጣውን ድምፅ ገልብጦ ወደ ታች ይመልሰዋል። ሃይድሮፎኑ እውነተኛውን ድምፅ ከሰማ በኋላ ይህን የተገለበጠ ተከታይ ይሰማል፤ ሁለቱ በተወሰነ ድግግሞሽ ላይ ይጠፋፋሉ። ገመዱ 8 ሜትር ላይ ከሆነ የሚጠፋው 94 ኸርዝ አካባቢ ያለው ነው፤ 25 ሜትር ካወረዳችሁት 30 ኸርዝ ላይ ይመጣል፣ ማለትም በጣም ከምትፈልጉት መሐል። ላዩን ካስቀራችሁት ደግሞ ዝቅተኛው ድግግሞሽ ይዳከማል፣ የማዕበሉም ጫጫታ ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ ግፊትን ብቻ ሳይሆን የውኃውን ቅንጣት እንቅስቃሴም የሚለኩ ስትሪመሮች ገበያ ላይ ስለዋሉ ችግሩ ቀሏል፤ አልጠፋም። «ኮምፒዩተሩ ያስተካክለዋል» የሚላችሁን ሰው ገመዱ በዚያ ሰዓት ስንት ሜትር ላይ እንደነበር ጠይቁት።

አንድ ሌሊት የሆነውን ልንገራችሁ። ከአንዱ ስትሪመር አጋማሽ አለፍ ብሎ ያሉ ጥቂት ተከታታይ ቻናሎች ያጉረመርማሉ። ከኮሌጅ የወጣ፣ ፈጣን የሆነ ልጅ አብሮን ነበር፤ ማጣሪያ አዘጋጅቶ በሁለት ደቂቃ ውስጥ አጸዳው። ሥዕሉ በእርግጥ አማረ። ተረኛው መዝጋቢ ግን ልጁን ወንበር ስቦ አስቀመጠውና ያልተጣራውን አሳየው። ጫጫታው በየተኩሱ እዚያው ቻናል ላይ ነው፤ ከጊዜ ጋር አይንቀሳቀስም። ውኃ ውስጥ ካለ ነገር፣ ለምሳሌ ከነዳጅ ማማ፣ የሚመለስ ድምፅ ቢሆን ቻናል ለቻናል እየዘገየ ኩርባ ይሠራ ነበር። ሌላ የሳይስሚክ መርከብ ቢሆን ከመጣበት አቅጣጫ ተነሥቶ ሁሉንም ቻናል አቋርጦ ያልፍ ነበር። እዚያው የቆመ ከሆነ ገመዱ ላይ የተጠመጠመ ነገር አለ። ሲነጋ ባሕሩ ረገብ ሲል የሥራ ጀልባ ወረደች፤ በርዱ ላይ የዓሣ አጥማጆች ናይሎን ገመድ ተጠምጥሞ ተገኘ። ልጁ ማጣሪያውን አልጣለውም፣ ግን ከዚያ በኋላ ሳያይ የሚያጣራ ሰው አልሆነም።

መዝገብ አያያዝን በሚመለከት ጨካኝ ነኝ። «ትንሽ ጫጫታ ነበር» ብሎ የጻፈ ሰው ምንም አልጻፈም። የመስመሩ ቁጥር፣ ከየትኛው ተኩስ እስከ የትኛው፣ የትኞቹ ቻናሎች፣ የማዕበሉ ከፍታ፣ ምን እንደተደረገ፤ ያኔውኑ ይጻፍ፣ ከእራት በኋላ አይደለም። ለምን ብትሉኝ የስላይፕነርን ነገር እዩ። በኖርዌይ የባሕር ክልል ባለው በዚህ የጋዝ መስክ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በዓመት ወደ አንድ ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከባሕሩ ወለል በታች ወደሚገኝ አሸዋማ ድንጋይ ሲገባ ቆይቷል። ጋዙ የት እንደደረሰ የታወቀው በ1994 የተተኮሰውን ጥናት በ1999 እና ከዚያ በኋላ ከተደጋገሙት ጋር በማነጻጸር ነው። በ1994 መዝጋቢ ክፍል የተቀመጡት ሰዎች የጻፉትን ከዓመታት በኋላ የማያውቋቸው ሰዎች መስመር በመስመር አንብበውታል። ልዩነቱ የጋዙ ነው ወይስ የገመዱ የሚለውን ለመለየት ሌላ መንገድ የለም።

ስለ ዓሣና ስለ ዓሣ ነባሪም ላንሣ፤ ወጣት መሐንዲሶች ሲያፌዙበት ስለምሰማ። በብሪታንያ መመሪያ መሠረት ተኩስ ከመጀመሩ በፊት ተመልካች ቢያንስ ለ30 ደቂቃ፣ ውኃው ከ200 ሜትር ከጠለቀ ለ60 ደቂቃ ባሕሩን ይቃኛል፤ በ500 ሜትር ውስጥ ዓሣ ነባሪ ወይም ዶልፊን ከታየ ተኩሱ ይዘገያል። ሲጀመርም ከትንሹ ጋን ተነሥቶ በ20 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ቀስ በቀስ ያድጋል። ኖርዌይ ደግሞ የዓሣ ሀብት ባለሙያ መርከብ ላይ እንዲኖር ታስገድዳለች። ዓሣ አጥማጆቹ የሚያማርሩት በከንቱ አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ1992 በባረንትስ ባሕር በተደረገ ሙከራ በኤር ጋን ተኩስ ምክንያት በአካባቢው የሚጠመደው የኮድና የሃዶክ ዓሣ በግማሽ ያህል ቀንሷል፤ ተኩሱ ካቆመ ከአምስት ቀን በኋላም አልተመለሰም። ተመልካቹ «ቁሙ» ሲል ሰዓታችሁን አትመልከቱ።

ስለ ደመወዝም ትጠይቁኛላችሁ። ጥሩ ነው። ከቤተሰብ የሚለየውን ጊዜ ግን ማንም አይከፍልም። የነዳጅ ፍለጋው ሥራ በዘይት ዋጋ ስለሚወጣና ስለሚወርድ በእሱ ብቻ አትተማመኑ፤ የባሕር ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ምሰሶ ከመተከሉ በፊት የላይኛውን ደለል በስፓርከር (በኤሌክትሪክ ብልጭታ ድምፅ በሚያወጣ መሣሪያ) እና በመሰል መሣሪያዎች ማስጠናት አለባቸው፣ ያ ሥራ ሰው ይፈልጋል።

«ወደብ ለሌላት አገር ይህ ምን ያደርጋል?» ለሚለው መልሴ አጭር ነው፦ ሐይቅ አለን። ጣናን በድምፅ ሞገድና ከወለሉ በወጣ ከ10 ሜትር በላይ በሚረዝም የደለል ናሙና ያጠኑ ሰዎች፣ ሐይቁ ከ16 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ደርቆ እንደነበር አሳይተዋል። ቆቃን የመሰሉ ግድቦች ደለል እየሞላቸው ነው፤ የደለሉን ውፍረት በየጊዜው መለካት የሚችል ልጅ ሥራ አያጣም። 8 ኪሎ ሜትር ገመድ አያስፈልግም፤ አንድ ጀልባ፣ ትንሽ የድምፅ ምንጭና አጭር የሃይድሮፎን ገመድ ይበቃል።

ግን ከባሕር ዳር ጀልባ ከመከራየታችሁ በፊት ይህን በወረቀት ላይ አስሉ። የጣና ጥልቀት ቢበዛ 14 ሜትር ነው። ድምፁ ወለሉ ደርሶ እስኪመለስ 19 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በውኃው ገጽና በወለሉ መካከል ሁለተኛ ዙር ሲመላለስ 37 ሚሊሰከንድ ላይ ይመጣል፤ ከዚያ በታች የምታዩት ንብርብር እውነተኛ ይሁን የወለሉ ድጋሚ ለመለየት ትቸገራላችሁ። በጭቃው ውስጥ ጋዝ ካለ ደግሞ ድምፁ እዚያው ይበተንና ከሥሩ ያለው ሁሉ ይጨልማል። ጥልቀቱ በሚቀያየርበት አቅጣጫ መስመር ዘርጉ፤ ድጋሚው የወለሉን ተዳፋት በእጥፍ ስለሚያሳይ ከእውነተኛው ንብርብር በዓይን ይለያል።