ድራኮ ይሞታል ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔና የ13 ዓመት ታናሽ ወንድሜ የሃሪ ፖተርን መጻሕፍት አብረን እያነበብን ነው። ስድስተኛውን ጨርሰናል። ሰባተኛው እቤት አለ፣ እሱ ግን «አልከፍትም» አለ። ድራኮ ማልፎይን በጣም ስለሚወደው ይሞታል ብሎ ፈርቷል። እኔ ደግሞ መጨረሻ ላይ ከሃሪ ጎን ቆሞ ጀግና ይሆናል ባይ ነኝ። እባክዎ መጨረሻውን ሳይነግሩን ይዳኙን።

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽ ለአንድ የልብ ወለድ ልጅ እንዲህ መጨነቁ ደስ ብሎኛል። በደንብ አንብቧል ማለት ነው።

ሰባተኛውን አንብቤዋለሁ። እዚህ የምጽፍልሽ ግን ስድስተኛውን የዘጋሁ ማታ የገመትኩትን ብቻ ነው። ስድስተኛው በፈረንጆቹ ሐምሌ 2005 ወጣ፣ ሰባተኛው ሐምሌ 2007፤ በመሃል ሁለት ዓመት ሙሉ ስንገምትና ስንከራከር ነው የከረምነው። ስድስቱን ያላነበባችሁ ግን እዚሁ ጋ ብታቆሙ ይሻላል።

ልጁ ምን ውስጥ እንደገባ ላስታውስ። ድራኮ ከታሪኩ ዋና ሰው ከሃሪ ጋር አንድ የአስማት ትምህርት ቤት ይማራል። በዘሩና በአባቱ ሀብት የሚኩራራ፣ ሰው መተንኮስ የሚወድ ልጅ ነው። አባቱ ሉሺየስ የክፉው ጠንቋይ የቮልደሞርት ሰው ነው፤ በአምስተኛው መጽሐፍ ተልእኮውን አበላሽቶ እስር ቤት ገባ። ከዚያ ቮልደሞርት ለ16 ዓመቱ ልጅ ርዕሰ መምህሩን ደምብልዶርን ግደል የሚል ትእዛዝ ሰጠው። የአባት ዕዳ ለልጅ የሚባለው ይሄ ነው። እንደማይሳካለት እየታወቀ ነው የተላከው፣ አባትየው በልጁ እንዲቀጣ።

አሁን ወደ አንቺ ግምት ልምጣ። ድራኮ መታጠቢያ ቤት ተደብቆ ሲያለቅስ እኔንም አንጀቴን በላው። ግን ምን ብሎ እንደሚያለቅስ ደግመሽ አንብቢው። ቶሎ ካልጨረስኩ ይገድለኛል ነው የሚለው። ለደምብልዶር ብሎ የላከው የተረገመ ሐብል መንገድ ላይ ኬቲ የምትባል ተማሪን ሞት አፋፍ አድርሷት ነበር፣ ከተመረዘው መጠጥ ደግሞ የሃሪ ጓደኛ ሮን ለጥቂት ነው የተረፈው። ስለ እነሱ ያፈሰሳት እንባ የለችም። ይሄ ልጅ ፈርቷል፣ ገና አልተጸጸተም። ንስሐ ያልገባን ሰው ዘላ ሄዳ ጀግና ብታደርገው ደራሲዋ እስከዚያ የገነባችውን ልጅ ራሷ ታፈርሰዋለች ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ ጀግና አይሆንም አልኩ።

ይሞታል ወይ ለሚለው ግን ወንድምሽ ያለ ምክንያት አልፈራም። የሃሪን የክርስትና አባት የሲሪየስን ወንድም ሬጉለስን አስታውሱት። ሲሪየስ በአምስተኛው መጽሐፍ ሲያወራ፣ ሬጉለስ በወጣትነቱ ቮልደሞርትን ተከተለ፣ የሚታዘዘውን ሲያይ ደነገጠ፣ ላፈግፍግ ሲል ተገደለ። ከዚያ ቤት መልቀቂያ ጽፎ መውጣት የለም። ሬጉለስ ደግሞ የድራኮ እናት የአክስት ልጅ ነው። አንድ ዘር፣ አንድ ዕድሜ፣ አንድ ስህተት።

እኔ ግን በስድስተኛው መጨረሻ አካባቢ ትምህርት ቤቱ ግንብ አናት ላይ የሆነውን ነው የያዝኩት። ደምብልዶር አቅሙ አልቆ፣ የአስማት ዘንጉን ተቀምቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ድራኮ ፊት ለፊቱ ነው። አንዲት የመግደያ ድግምት ብቻ ነው የቀረችው፣ እሱ ግን ዝም ብሎ ያወራል። የቮልደሞርትን ሰዎች ወደ ትምህርት ቤቱ ያስገባበትን አስማተኛ ቁም ሳጥን እንዴት እንደጠገነው ይተርካል፣ ምርጫ የለኝም፣ ቤተሰቤን ሁሉ ይፈጃል ይላል። ሽማግሌው ደግሞ ሊሞት ጥቂት ደቂቃ ቀርቶት ስለ ራሱ አይለምንም፤ አንተንም እናትህንም እደብቃችኋለሁ፣ አንተ ነፍሰ ገዳይ አይደለህም ይለዋል። የልጁ ዘንግ ትንሽ ዝቅ አለ። ትንሽ፣ በጣም ትንሽ። ከዚያ እነዚያ የቮልደሞርት ሰዎች ደርሰው በሩን ገፍተው ገቡ። ለእኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የሚያመው ይሄ ነው፣ አንድ ደቂቃ ብቻ ቢዘገዩ ኖሮ እያልኩ ስንት ቀን እንደተብሰለሰልኩ አልረሳውም።

ያቺ ዝቅ ያለች ዘንግ በከንቱ አልተጻፈችም። ሃሪ ራሱ ድራኮን እንደጠላው ነው፤ ግን መጽሐፉ ሊያልቅ ሲል ያቺን ነገር ያስባታል፣ ከጥላቻው ጋር ትንሽ ሐዘኔታም ይገባበታል። ደራሲዋ ሃሪ እንዲያያት ካደረገች የሆነ ቦታ ታነሳታለች። ደግሞ የሬጉለስን ታሪክ አንዴ ነግራናለች፣ ሁለተኛ ለምን ትደግመዋለች? ይኖራል አልኩ።

ሌላው ያሳመነኝ እናቱ ናት። በስድስተኛው ምዕራፍ 2 ላይ ናርሲሳ የቮልደሞርትን ትእዛዝ ጥሳ፣ በጨለማ የትምህርት ቤቱ መምህር ስኔፕ ቤት ሄዳ እግሩ ስር ወድቃ ታለቅሳለች። እህቷ ቤላትሪክስ አጠገቧ ቆማ፣ እኔ ወንዶች ልጆች ቢኖሩኝ ለጌታችን በደስታ እሰጣቸው ነበር ትላታለች። እናትየው አልሰማቻትም። ይህች ሴት ልጇንና ቮልደሞርትን ምረጪ የተባለች ቀን የትኛውን እንደምትመርጥ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ናርሲሳን አትርሱ ብዬ ለጓደኞቼ ሁሉ ስናገር ነበር።

ስኔፕ ደግሞ ያን ማታ ልጁን እጠብቃለሁ፣ ካቃተውም ሥራውን እኔ እፈጽማለሁ ብሎ የማይፈርስ መሐላ፣ ያፈረሰው የሚሞትበትን፣ ገብቷል። በዚህ ልጅ ምክንያት ይሞታል ብዬ ገምቼ ነበር፣ ድራኮን ሲያድን።

እንግዲህ የእኔ ግምት እነዚህ አራቱ ነበሩ። ሁሉም ልክ አልነበሩም፤ የትኛው እንደሳተ አንብባችሁ ትደርሱበታላችሁ፣ ስትጨርሱ ጻፉልኝ።

ሰባተኛውን ከመክፈታችሁ በፊት ግን ከወንድምሽ ጋር የስድስተኛውን ምዕራፍ 27 አንዴ ድገሙት። ዝቅ ያለችውን ዘንግ ተዉአትና ድራኮ በሩን በርግዶ ሲገባ ከሁሉ በፊት ያደረገውን ነገር ልብ በሉ። እኔ ያኔ ዘልዬው አልፌ ነበር።