ፎቶዬ ላይ ያለው ጊንጥ አዲስ ዝርያ ይሆን?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከቬጋስ ወጣ ብላችሁ ስታድሩ ደረቅ ሐይቅ ዳር በዩቪ ባትሪ (ጊንጥን በጨለማ እንዲያበራ በሚያደርገው ብርሃን) አንድ ፈዛዛ ጊንጥ አገኘሽ፣ ፎቶ አነሳሽው፣ ኢንተርኔት ላይ ካለው ከየትኛውም ጋር አልገጥም አለሽ። «አዲስ ዝርያ ይሆን? ከሆነስ ለማን ይነገራል?» ነው ያልሽው። እኔ ካሊፎርኒያ ነው የምኖረው፣ ሞሃቪ በረሃ እየወጣሁ ጊንጥ መመዝገብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ሙያዬ አይደለም፤ ግን ለሚያጠኑት ሰዎች ፎቶና የቦታ መረጃ እሰጣለሁ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ሲሠሩም አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አይቻለሁ።

ቁርጡን ልንገርሽ፤ ከላይ በተነሳ አንድ ፎቶ አይታወቅም። ቦታው ግን ደረቅ ሐይቅ ዳር ነው፣ ስለዚህ እንዲሁ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ፎቶ አልገጠመም ማለት አዲስ ነው ማለት እንዳይመስልሽ። በዓለም ላይ ስም የተሰጣቸው የጊንጥ ዝርያዎች ከ2,500 በላይ ናቸው፣ ብዙዎቹ ጥሩ ፎቶ እንኳን የላቸውም። ቀለም ደግሞ ሰውን በጣም ያሳስታል፤ አንዱ ዝርያ ራሱ ከቦታ ቦታ ሊነጣ ወይም ሊጠቁር ይችላል። ግልገሉ ትልቁን አይመስልም፣ ወንዱም ከሴቷ ይለያል። ቆዳውን ገና የቀየረ ጊንጥ ደግሞ ነጣ ብሎ ለስላሳ ነው፣ ቆዳው እስኪጠነክር ድረስ በዩቪ እንደሌሎቹ ደምቆ አያበራም። ያንቺው እንዴት ነበር የሚያበራው? ደብዘዝ ብሎ ከነበረ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሪ።

አሁን ቦታው ለምን እንዳጓጓኝ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ2022 ፓሩሮክቶነስ ሶዳ እና ፓሩሮክቶነስ ኮንክሉሰስ የሚባሉ ሁለት አዳዲስ ጊንጦች ከካሊፎርኒያ ደረቅ ሐይቆች ተገልጸዋል። የመጀመሪያው ካሪዞ ሜዳ ላይ ካለው ሶዳ ሐይቅ ነው፣ ሁለተኛው ሞሃቪ ውስጥ ካለው ኬን ሐይቅ። ነገሩ የተጀመረው ልክ እንዳንቺው ሰዎች አይናቹራሊስት (ያዩትን እንስሳና ተክል ፎቶ የሚለጥፉበት ድረ ገጽ) ላይ በለጠፉት ፎቶ ነው። ፕራክሪት ጄይንና ሃርፐር ፎርብስ የሚባሉ ሁለት ልጆች፣ ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ፣ ማንም ስም ያልሰጠውን ፎቶ አይተው ዝም አላሉም፤ በረሃው ድረስ ሄደው ጊንጦቹን በዩቪ ፈልገው አገኙ፣ ከዚያ ከካሊፎርኒያ ሳይንስ አካዳሚዋ ከሎረን ኤስፖሲቶ ጋር ሆነው ጥናቱን አሳተሙ። ኮንክሉሰስ የሚኖረው ሐይቁ ዳር ባለች፣ ርዝመቷ 2 ኪሎ ሜትር በማትሞላ ጠባብ መሬት ላይ ነው። ሶዳ ያለበት ቦታ የተጠበቀ ነው፣ የኬን ሐይቅ ግን እንደዚያ ዓይነት ጥበቃ የለውም። አንድ ግንባታ ቢያርፍበት ዝርያው አለቀ ማለት ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው።

ጨዋማው የሐይቅ ዳር አፈር በዙሪያው ካለው በረሃ በጣም ይለያል። እዚያ መኖር የለመደ ጊንጥ ሌላ ቦታ በቀላሉ አይሄድም፣ ተነጥሎ ይቀራል፣ ከብዙ ዘመን በኋላ የራሱን መልክ ይይዛል። ሀገር ቤትም ቢሆን ገና ብዙ ያልታየ አለ፤ ጊንት (Gint) የሚባለው የጊንጥ ወገን ከአፍሪካ ቀንድ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፣ ያውም አንድ ዝርያ ብቻ ሳይሆን ብዙ ዝርያ የሚያቅፍ ሙሉ ጂነስ።

የሚወስነው ምንድነው ካልሽ፣ ብዙው ሆዱ በኩል ነው ያለው። ከእግሮቹ ኋላ ግራና ቀኝ የተዘረጉ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያላቸው ሁለት አካላት አሉ፣ ፔክቲን ይባላሉ፣ መሬቱን የሚዳስስባቸው ናቸው። ጥርሶቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፣ በሁለቱም በኩል፣ የወንዱ ብዙ ጊዜ ይበዛል፣ ይረዝማልም። በእግሮቹ መካከል ያለችው ትንሽ ቅርፊት ደግሞ ሦስት ማዕዘን ናት ወይስ አምስት? ሦስት ማዕዘን ከሆነች ጊንጡ ከእነ ቡቲዴ ቤተሰብ ሳይሆን አይቀርም፣ ፓሩሮክቶነስ አይደለም ማለት ነው። ከዚያ እጆቹ (መቆንጠጫዎቹ) ላይ ያሉት ትሪኮቦትሪያ የሚባሉ ቀጫጭን ጸጉሮች አሉ፤ ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ተተክለው የአየር ንዝረት ይሰማሉ። ቁጥራቸውና የተተከሉበት ቦታ ለመለያ ትልቅ ነገር ነው። ማይክሮስኮፕ ስር ዩቪ ሲበራ ጉድጓዶቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ፣ ያኔ ነው ሰዎቹ ቁጭ ብለው ካርታ የሚሠሩላቸው። ይሄ ሁሉ ተመዝግቦ በአካባቢው ካሉት ዘመዶቹ ጋር ይነጻጸራል፣ አዋቂ ወንድ ከአዋቂ ወንድ ጋር። አሁን አሁን ዲኤንኤም ይጨመራል።

ተለይቶ ከወጣ አንዱ ናሙና ሆሎታይፕ (የዝርያው ስም የሚታሰርበት ናሙና) ተብሎ ሙዚየም ይቀመጣል፣ መግለጫው ይታተማል፣ ስሙም የሚጸናው ያኔ ነው። ብዙ ናሙና ቢገኝ ይመረጣል። ግን ሞት ሸለቆ (ዴዝ ቫሊ) ፓርክ ውስጥ ከተገኘ ከአንድ ወንድ ብቻ እ.ኤ.አ. በ2012 የተገለጸ አለ፣ ዌርኔሪየስ ኢንዮኤንሲስ፣ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ደቃቃ ጊንጥ።

ስለዚህ እንደገና ስትሄጂ እንዲህ አድርጊ። በረጅም ወረንጦ አንስተሽ ጠፍጣፋ ጥርት ያለ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አስገቢው፣ ከታች በኩል ሆዱን በተራ ብርሃን አንሺ፣ የዩቪ ፎቶ ብቻውን አይበቃም። እጆቹን ከጎን፣ ጅራቱንም ከጎን፣ አጠገቡ ማስመሪያ አድርጊ። ጂፒኤሱን መዝግቢ፣ አፈሩንም አንሺ። ከዚያ እዚያው ልቀቂው። ፓርክ ውስጥ ያለ ፈቃድ መውሰድ ክልክል ነው፣ ፈቃድ ያላቸው አጥኚዎች ራሳቸው ይመጡበታል። የገለበጥሽውን ድንጋይ እንደነበረ መልሺው።

እጅሽንም ጠብቂ። ቬጋስ አካባቢ ሴንትሩሮይደስ የሚባለው፣ እጁ ቀጭን፣ ግድግዳ ላይ የሚወጣው ቢጫ ጊንጥ አለ፣ ንድፊያው ለልጆች በተለይ ከባድ ነው። ከነደፈ ሳትቆዪ ሐኪም ጋር።

ፎቶዎቹን አይናቹራሊስት ላይ ስትለጥፊ ቦታው ለሕዝብ እንዳይታይ የሚያደርገውን ምርጫ ተጠቀሚ፤ እንዲህ ዓይነት ቦታ ለንግድ የሚሰበስቡም ይከታተሉታል። የሆዱ ፎቶ አሁንም ስልክሽ ላይ ካለ እዚሁ ለጥፊው፣ ፔክቲኑን አብረን እንቆጥራለን። የሐይቁን ስም ግን በውስጥ መስመር ላኪልኝ።