አሮጌ ቤዝ ጊታር መግዛትና መሸጥ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ አሮጌ ቤዝ ግዢና ሽያጭ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ። አብዛኛው ፌንደር የተባለውን አምራች ቤዝ፣ በተለይ ጃዝና ፕሪሲዥን የሚባሉትን ሞዴሎቹን፣ የሚመለከት ስለሆነ መልሴም ወደዚያው ያዘነብላል። የሌሎቹ አምራቾች፣ የጊብሰንና የሪከንባከር፣ ወዳጆች ቅር አይበላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሻጩ «የ1964 ጃዝ ቤዝ ነው» ብሎኛል። ያሳየኝ ማስረጃ ግን ተከታታይ ቁጥሩን ብቻ ነው። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። በዚያ ዘመን ቁጥሩ የሚታተመው አንገቱን ከአካሉ ጋር በሚያስረው የብረት ሳህን ላይ ነው። ሳህኑ ደግሞ አራት ብሎን ተፈትቶለት ሌላ ጊታር ላይ ሊታሰር ይችላል። ፋብሪካው ራሱ ሳህኖቹን በተራ ቁጥራቸው አላሰረም፤ የአንዱ ዓመት ቁጥር ከሚቀጥለው ጋር ይደራረባል። ቁጥሩ ወደ አንገቱ ጭንቅላት የተዛወረው በ1976 ነው።

ትክክለኛው ፍንጭ ያለው አንገቱ ከአካሉ ጋር በሚገጥምበት ጫፍ ላይ ነው። የተሠራበት ጊዜ መጀመሪያ በእርሳስ ይጻፍ ነበር፤ ከ1962 ወዲህ በማኅተም ሆነ። ለምሳሌ «7 ሜይ 64 ኤ» የሚል ታያለህ። ብዙ ሰው 7ቱን ቀን አድርጎ ያነበዋል፤ ቀን አይደለም። 7 የጃዝ ቤዝ አንገት መለያ ነው፤ ፕሪሲዥን ቢሆን 5 ይሆን ነበር። መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል የአንገቱን ስፋት ትናገራለች፤ «ኤ» ጠባቡ፣ 38 ሚሊሜትር ገደማ የሆነው ነው። እንግዲህ ሻጭህ «ማኅተሙ ሜይ 7 ቀን ተሠራ ይላል» ካለህ የሚሸጠውን ዕቃ በደንብ አያውቀውም ማለት ነው፤ አጭበርባሪ ነው ማለት ግን አይደለም።

ከዚያ የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹን፣ ፖት የምንላቸውን፣ ጀርባ ተመልከት። 1376612 የሚል ካገኘህ 137 ሲቲኤስ የተባለው አምራች ነው፤ 66 ዓመቱ፣ 12 ደግሞ ሳምንቱ ነው። 304 ብሎ የሚጀምር ከሆነ ስታክፖል ነው። ፖቱ የሚነግርህ ጊታሩ ከዚያ ቀን በፊት ሊሠራ እንደማይችል ብቻ ነው። ፌንደር በ1966 ብዙ ፖት ገዝቶ አከማችቶ ስለነበር በ1968 ቤዝ ውስጥ የ1966 ፖት ብታይ አትደንግጥ። «የ1964» በተባለው ውስጥ የ1966 ፖት ካየህ ግን ወይ ፖቱ ተቀይሯል፣ ወይ ዓመቱ ውሸት ነው። ብየዳው ተነካክቶ እንደሆነ በደንብ እየው፤ አሮጌ ብየዳ ደብዘዝ ይላል፣ አዲሱ ያበራል።

ጥያቄ፦ ሻጩ አንገቱን ማስፈታት እምቢ ቢልስ?

መልስ፦ ራሱ ይፍታው ወይም የሚያምነው ጠጋኝ ይፍታለት፤ አንተ ቆመህ እይ። የጊታሩን ክር ማላላት፣ ለብሎኑ ልኩ የሆነ የእጅ ካቻቪቴ መያዝ፣ በኤሌክትሪክ መሣሪያ አለመንካት፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። አንገቱ የሚያርፍበት ጉድጓድ ውስጥ ከካርቶን የተቆረጠች ትንሽ መደገፊያ ካለች ወደ ቦታዋ ትመለስ። በ60ዎቹ አጋማሽ በተሠሩት ላይ ጉድጓዱ ውስጥ ቀለም ያልነካው ቦታ ታገኛለህ፤ ቀለም ሲረጭ አካሉን የሚይዙበት እንጨት የታሰረበት ነው። ያ ቦታ በቀለም ተሸፍኖ ካየኸው ቤዙ እንደገና ሳይቀባ አልቀረም። ለማስፈታት ጨርሶ እምቢ ካለህ እኔ ብሆን ዓመቱ እንዳልታወቀ ቆጥሬ ነው ዋጋ የምሰጠው።

ጥያቄ፦ እንደገና የተቀባ ቤዝ ዋጋው ምን ያህል ይወርዳል?

መልስ፦ በገበያው የተለመደው ግማሽ ያህል ነው። ለሰብሳቢ ትልቅ ጉዳት ነው። ለሚጫወትበት ሰው ግን፣ ይህ የግሌ አስተያየት ነው፣ በዚህ ገበያ ከሚገኘው ሁሉ የተሻለው ዕድል እሱ ነው። ያው እንጨት፣ ያው ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው)፣ ያው አንገት በግማሽ ዋጋ፤ ቧጨርከው ብሎ የሚያሳቅቅህም የለም። ቅር የሚያሰኘው ያልተነገረ ቅብ ነው። እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ አካባቢ የነበረው ናይትሮ የሚባለው ቀለም ቀጭን ነው፤ በዕድሜ ብዛት ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። ከዚያ በኋላ የመጣው ፖሊስተር ወፍራም ነው፣ ሲላጥም በቅርፊት ይነሳል። ፒክጋርዱን፣ አካሉን ከጭረት የሚከላከለውን ሽፋን፣ አንስተህ ከሥሩ ያለውን ቀለም ከውጭው ጋር አስተያየው። በጨለማ ክፍል አልትራቫዮሌት መብራት ብታበራበት የተደራረበው ቅብ ለየት ብሎ ይታያል።

ጥያቄ፦ በሦስት ብሎን የታሰሩት የ70ዎቹ ጃዝ ቤዞች መጥፎ ናቸው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ብሎኑ ያለ ጥፋቱ ነው የሚከሰሰው። ችግሩ በዚያ ጊዜ የአንገቱ ጉድጓድ ብዙ ጊዜ በጥንቃቄ አለመቆረጡ ነው። አካሉን ይዘህ አንገቱን ወደ ጎን ገፋ አድርገው፤ ቀጭኑ ወይም ወፍራሙ ክር ከአንገቱ ጠርዝ ሊወጣ እየተንሸራተተ ከሆነ ተወው። ካልተነቃነቀ ግዛ። ፕሪሲዥኑ በአራት ብሎን ነው የቀጠለው። በነገራችን ላይ የዚያ ዘመን ቤዝ ከባድ ነው፤ አምስት ኪሎ የሚጠጋም አለ። ማንጠልጠያ አድርገህ ቆመህ አንድ ሰዓት ሳትጫወትበት አትወስን።

ጥያቄ፦ የአንገቱን ጤንነት በምን ላውቅ?

መልስ፦ ወፍራሙን ክር በመጀመሪያው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተሰካው ብረት) እና አንገቱ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት ፍሬት ላይ ተጭነህ መካከሉን እይ። የስም ካርድ የሚያሾልክ ክፍተት ጤና ነው። ከዚያ ትራስ ሮዱ፣ አንገቱ ውስጥ ያለው ጉብጠቱን የሚያስተካክለው ብረት፣ ገና የሚዞር መሆኑን አረጋግጥ። አሮጌ ፌንደር ላይ ማዞሪያው በአንገቱ ታችኛው ጫፍ ስለሆነ፣ አንገቱን ባስፈታህበት ጊዜ አብረህ ጨርሰው። እስከ መጨረሻው ጠብቆ አንገቱ አሁንም ከጎበጠ የጥገናው ወጪ ያስለቅስሃል።

ጥያቄ፦ አንዱ ፒክአፕ ድምፅ የለውም። ልተወው?

መልስ፦ በቴስተር ለካው። የጃዝ ቤዝ ፒክአፕ ከ7 እስከ 8 ኪሎ ኦም አካባቢ ያነባል። ጭራሽ ካላነበበ ሽቦው ውስጥ ተበጥሷል፤ እንደገና ይጠመጠማል። ዋጋ አስቀንስበት እንጂ አትተወው።

ጥያቄ፦ አባቴ የተዉልኝን የ1966 ፕሪሲዥን መሸጥ እፈልጋለሁ። መጀመሪያ አሳድሰው?

መልስ፦ ነፍሳቸውን ይማር እህቴ። ምንም አትንኪ። አትወልውዪው፣ የዛገውን ብሎን አትቀይሪ፣ የተሰነጠቀውን ፒክጋርድ አትጣዪ። ቤት ውስጥ ፈልጊ፦ የጊታሩ መያዣ ኬዙ፣ የብሪጁ (ክሩ አካሉ ላይ የሚያርፍበት) እና የፒክአፑ የብረት ክዳኖች፣ የድሮ ደረሰኝ። ክዳኖቹን ተጫዋቾች ለእጅ አይመቹም ብለው ነቅለው መሳቢያ ውስጥ ይጥሏቸው ነበር፤ ዛሬ ብቻቸውን ገንዘብ ያወጣሉ። ዋጋ ስታወጪ ሰዎች የጠየቁትን ሳይሆን የተሸጠበትን ተመልከቺ። ሱቅ በጥሬ ገንዘብ ካንቺ ከገዛ ዝቅ አድርጎ ነው፤ መልሶ የሚሸጥ ነውና አይፈረድበትም። ሸጬልሽ ኮሚሽን ልውሰድ ካለሽ መቶኛውንና ቢሰረቅ ወይም ቢሰበር ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ያዢ።

ጥያቄ፦ ገዢው ያለው ሌላ አገር ነው። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ የጣት ሰሌዳውን፣ አንገቱ ላይ ክሩ የሚጫንበትን እንጨት። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ብዙ ፌንደሮች የብራዚል ሮዝውድ አላቸው። ይህ እንጨት ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የብርቅዬ ዝርያዎች ስምምነት፣ በሳይተስ፣ ጥብቁ ዝርዝር ውስጥ ነው። በ2019 ለሌሎች የሮዝውድ ዓይነቶች የተሰጠው የሙዚቃ መሣሪያ ነፃነት የብራዚሉን አይጨምርም። ያለ ፈቃድ ድንበር ላይ ሊወረስ ይችላል።

ስትልከው ክሩን ትንሽ አላላ፤ ከአንገቱና ከጭንቅላቱ ሥር ደግፈህ ኬዙ ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ አድርግ። ጊብሰን ከሆነ እጥፍ ተጠንቀቅ፤ ወደ ኋላ የተቆለመመው ጭንቅላቱ በመውደቅ ብቻ ይሰበራል። ገዢውም ሳጥኑ ከብርድ እንደገባ አይክፈተው፤ ለሰዓታት ይቆይ፣ ያለዚያ ናይትሮው ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ ቀብድ ልስጥ?

መልስ፦ ስጥ፤ ግን «ተፈትቶ ታይቶ የተባለው ካልሆነ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል ወረቀት ሁለታችሁም ፈርሙ። በቃል ብቻ ከሆነ አትስጥ።