እከኩ ለምን ተመለሰብን?

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄን ሌሊት ሌሊት እያሳከከው እንቅልፍ ሲነሳው ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። እከክ ነው ተብሎ ፐርሜትሪን 5 በመቶ ቅባት ታዘዘለት። ሽፍታው ያለበትን ቦታ ሁሉ ቀባሁለትና ለቀቀው፤ ወር ሳይሞላው ግን ተመለሰ። አሁን እኔንም ጣቶቼ መሀል ያሳክከኝ ጀምሯል። እከኩን የሚያመጣው ተባይ መድኃኒቱን ለምዶት ይሆን? ቤት ውስጥ ያለውን ቤታሜታዞን የሚባል የማሳከክ ማስታገሻ ቅባት ብቀባውስ?

መልስ፦ መድኃኒቱን ከመጠርጠርዎ በፊት አቀባቡን እንይ። ሽፍታው ሰውነት በተባዩ ላይ የሚያሳየው ቁጣ ነው፤ ተባዩ ራሱ ቆዳው ንጹሕ በሚመስልበት ቦታም ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ቅባቱ ከአንገት በታች አንድም ቦታ ሳይቀር መዳረስ አለበት፤ ጣት መሀል፣ ጥፍር ስር፣ ብብት፣ እምብርት፣ ብልት አካባቢ፣ ውስጥ እግር። ለአንድ አዋቂ 30 ግራም ገደማ ይበቃል። ማታ በደረቀ ቆዳ ላይ ተቀብቶ ከ8 እስከ 14 ሰዓት ይቆይና ይታጠባል። በመሀል እጅ ከታጠበ እጁን መልሶ መቀባት ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው፤ ተባዩ የሚበዛው ደግሞ እጅ ላይ ነው። ልጁ ጣቱን የሚጠባ ከሆነ እጁ ላይ ካልሲ ያጥልቁለት። ቅባቱ እንቁላሉን ሁሉ ላይገድል ስለሚችል ከ7 ቀን በኋላ ይደገማል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን ልጁን ብቻ ማከም ነው። እከክ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ምንም ላያሳክከው ይችላል፤ እስከዚያው ግን ያስተላልፋል። አንድ ቤት የሚያድር ሁሉ፣ አሳከከውም አላሳከከው፣ በዚያው ሌሊት ይቀባ። ከሁለት ወር በታች ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ካለች አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ።

ባለፉት ሦስት ቀናት የለበሳችሁትን ልብስ፣ አንሶላና ፎጣ በፈላ ውኃ እጠቡ። የማይታጠበውን በላስቲክ ጠቅልሎ አንድ ሳምንት ማቆየት ይበቃል፤ ተባዩ ከሰው ገላ ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ቀን አያልፍም። ቤቱን መድኃኒት መርጨት አያስፈልግም።

ቤታሜታዞኑን ይተዉት። ማሳከኩን ያስታግስና ሽፍታውን ያደበዝዘዋል፤ ተባዩ ግን ይራባል፤ በኋላ ሐኪሙም ለመለየት ይቸገራል። በትክክል ከታከማችሁ በኋላም ማሳከኩ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊዘልቅ ስለሚችል ቅባቱን በየቀኑ አትደጋግሙ። ከአራት ሳምንት በኋላ አዲስ ሽፍታ ከወጣ ግን ተመልሳችሁ ታዩ።

ቁስሉ መግል ከያዘ፣ ልጁን ካተኮሰው፣ ወይም ፊቱ አብጦ ሽንቱ ከጠቆረ ዛሬውኑ ሐኪም ያሳዩት፤ በተቧጨረ ቆዳ የሚገባ ባክቴሪያ ዳፋው እስከ ኩላሊት ሊደርስ ይችላል።